ሐይቅ፤ መውጫ የሌለው ውኃና በዳሩ ያለች ከተማ

ስለ አንዲት ትንሽ የጠረፍ ከተማ እንዲያጠና የታዘዘ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ቀድሞ ቢሆን ምጽዋን ወይም አሰብን ይመርጥ ነበር። ኤርትራ በ1993 ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ግን አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ መረብ የሚጣልባቸው፣ ጀልባ የሚታሰርባቸው፣ የሰው ኑሮ ከውኃ ጋር የተቆራኘባቸው ትንንሽ ከተሞች ዛሬም አሉን። እነዚህንም የምናገኛቸው በሐይቆቻችን ዳር ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከእነርሱ አንዷን፣ በወሎ የምትገኘውን ሐይቅ ከተማን፣ ከነዙሪያዋ መመርመር ነው።

ስሟ ራሱ ለጥናታችን መግቢያ ይሆናል። ዛሬ በአማርኛ «ሐይቅ» ስንል በየብስ የተከበበ ውኃ ማለታችን ነው። በግዕዝ ግን ሐይቅ ማለት የባሕር ዳር፣ ጠረፍ ማለት ነው፤ «ሐይቀ ባሕር» ሲባል ውኃውን ሳይሆን ዳርቻውን ያመለክታል። እንግዲህ በስም ብቻ ከሄድን ሐይቅ ከተማ «ጠረፍ» የተባለች ከተማ ናት። ይህን የቃል ትርጕም እናስታውሰው፤ የሐይቁ ዕድል የሚወሰነው በውኃው መካከል ሳይሆን በዳርቻው መሆኑን ወደ ኋላ እንመለከታለንና።

ሥፍራው

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ የሚሄድ መንገደኛ በጋሸና በኩል ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ይዞርና ወልድያ ይወርዳል። ከዚያም የደሴን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ በመሄድ መርሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከዚያ እስከ ደሴ የሚቀረው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውጫሌ በ1889 ከኢጣልያ ጋር በተደረገው ውል ስሟ የታወቀ ናት፤ የአምባሰል ምድርም ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ስሙን ሰጥቷል። ስለዚህ መንገዱ ራሱ ለታሪክ ተማሪ ትምህርት አያጣም።

ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከተማይቱ ውኃው ላይ የተጠጋች አይደለችም፤ ያደገችው በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ነው፤ ውኃው ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ርቆ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ሁለት ገጽ አላት፤ አንዱ ወደ መንገዱ፣ ሁለተኛው ወደ ውኃው የዞረ ነው። ገበያዋን የሚያቆመው መንገዱ ሲሆን ስሟንና ዓሣዋን የሰጣት ውኃው ነው።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ይሆናል። የሐይቁ ውኃ ግን በ1,900 ሜትር ከፍታ ገደማ ይገኛል። ስለዚህ መንገደኛው ከላስታ ደጋ ወደ ወይና ደጋ ወርዷል ማለት ነው። ከሐይቅ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ምድሩ እየዘቀጠ ወደ አፋር ቈላ ይወርዳል።

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር ወደ አፋር የሚወርደው በአንድ ገደል ሳይሆን በደረጃ ነው። በጥንት ዘመን ምድር ስትሰነጠቅ በገደሉ ጠርዝ ላይ አንዳንድ ቍራጭ መሬት ወደ ታች ሰምጦ ጎድጓዳ ሆኖ ቀርቷል። የቦርከና ሸለቆና በስተ ሰሜን የአሸንጌ ሐይቅ ያለበት ሥፍራ የዚህ ዓይነት ናቸው። ሐይቅና ጎረቤቱ አርዲቦም በእንዲህ ያለ ጎድጓዳ ምድር የተጠራቀሙ ውኃዎች ናቸው። አርዲቦ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ይገኛል።

የሐይቁን ጠባይ ለመረዳት ከጣና ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የጣና ስፋት ከ3,000 ኪሎ ሜትር ካሬ በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባክስተርና ጎሎቢትሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970 ባሳተሙት ጥናት እንደ ተገለጸው ደግሞ የሐይቅ ስፋት 23 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ሳለ ጥልቀቱ 88 ሜትር ይደርሳል። ጣና ሰፌድ ቢሆን ሐይቅ እንስራ ነው። በሰፌድ ላይ ያለ ውኃ ነፋስ ባናወጠው ቍጥር ከላይ እስከ ታች ይደባለቃል፤ በእንስራ ውስጥ ያለው ግን ላዩ ቢንቀሳቀስም ታቹ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ይህ ልዩነት ለዓሣው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

የሦስት ጠብታዎች መንገድ

የወሎን የውኃ አከፋፈል በቀላሉ ለመያዝ ሦስት የዝናብ ጠብታዎችን በአሳብ እንከተል።

የመጀመሪያው ጠብታ በአቡነ ዮሴፍ ምዕራባዊ ጎን፣ ከላሊበላ በላይ ይወርዳል። ይህ ጠብታ ከጅረት ወደ ወንዝ እያለ ተከዜን ይጨምራል፤ በአትባራ በኩልም ዐባይን ተቀላቅሎ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። የላስታ አፈር ከዝናቡ ጋር አብሮ ስለሚሄድ የጠፋውን አፈር የላስታ ገበሬ ዳግመኛ አያየውም።

ሁለተኛው ጠብታ በተሁለደሬ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙ በማይርቅ ተራራ ላይ ይወርዳል። ከዚያ የሚነሣው ሚሌ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ወርዶ አዋሽን ይገናኛል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአብሔ ሐይቅ ያልቃል።

ሦስተኛው ጠብታ ከሁለተኛው ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ ወደ ሐይቁ ባዘነበለው ጎን ላይ ይወርዳል። ይህ ጠብታ ሐይቁ ከገባ በኋላ በምድር ላይ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ወይ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ወይ በዚያው ይቀራል።

መውጫ የሌላቸው ብዙ ሐይቆች ጨዋማ ይሆናሉ፤ ሻላና አብሔ ለዚህ ምስክር ናቸው። የሐይቅ ውኃ ግን ዓሣ የሚያኖር ለስላሳ ውኃ ነው። ስለዚህ ከመሬት በታች የሚሰርግ ውኃ ሳይኖር አይቀርም ተብሎ ይገመታል። ይሁንና ውኃው ቢሰርግም አፈሩ አይሰርግም። ከዙሪያው ኰረብታ ታጥቦ የገባ አፈር፣ ከእርሻ የመጣ ማዳበሪያ፣ ከከተማ የፈሰሰ እድፍ ሁሉ ከሐይቁ ወለል ላይ ተጠራቅሞ ይቀመጣል። የወንዝ ዳር ሰው ጥፋቱን ለታችኛው አገር ሊያሳልፍ ይችላል፤ የሐይቅ ሰው ግን የሚያሳልፍበት ታችኛ አገር የለውም።

በነገራችን ላይ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ሰዎች የዝናቡን መሄጃ አስቀድመው ያሰቡ ነበሩ። ውኃ ተኝቶ ድንጋዩን እንዳያበላሽ ማፍሰሻ ቦይ አብረው ጠርበዋል። በሐይቅ ግን የተፈጥሮ ቦይ ስለሌለ ጥንቃቄው ከመግቢያው፣ ማለት ከኰረብታው ላይ መጀመር ይኖርበታል።

ገዳሙ

የሐይቅን ታሪክ ያለ እስጢፋኖስ ገዳም መናገር አይቻልም። የቤተ ክርስቲያኑ አመሠራረት በትውፊት እስከ 9ኛው መቶ ዓመት ይደርሳል። በይበልጥ የታወቀው ግን በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ መጥተው ትምህርት ቤት ካቋቋሙ በኋላ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ የተወለዱት ለላስታ ጎረቤት በሆነው በዳህና ሲሆን የተማሩት በደብረ ዳሞ ነው። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በ1280 እና በ1281 መካከል ለገዳሙ የሰጡት ሥዕል ያለበት አራቱ ወንጌል ዓመታቸው በትክክል ከታወቁት ጥንታዊ የብራና መጻሕፍታችን አንዱ ነው።

በ1270 የዛጔ መንግሥት አልፎ ይኵኖ አምላክ ሲነግሥ የሐይቅ ገዳም ከፍ ያለ ክብር አገኘ። አበምኔቱ «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው። የመንግሥት ማዕከል ከላስታ ሲርቅ የትምህርት ማዕከል የሆነው ይህ የውኃ ዳር ነው።

ለመልክዐ ምድር ጥናት ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ምስክርነት አለ። የኢማም አሕመድ ጦር በ1531 ሐይቅ ሲደርስ ገዳሙ ደሴት ስለነበረ መሸጋገሪያ መሥራት ግድ ሆኖበት እንደ ነበር የዘመኑ ዐረብኛ ታሪክ ይተርካል። ዛሬ ግን ገዳሙ ከየብስ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር ሆኗል፤ ጦር ሠራዊት የተቸገረበትን መንገድ ዛሬ ምእመን በእግሩ ይሄድበታል። (ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው።) እንግዲህ በእነዚህ ዘመናት የውኃው ከፍታ ዝቅ ማለቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መጽሐፉንና መሬቱን ማነጻጸር ይበቃል።

ዓሣው

ገዳሙ የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ሲኖረው የከተማይቱ የዓሣ ንግድ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። በ1520ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ ሐይቅ ሲጽፍ ጉማሬንና ትልቅ ራስ ያለውን አንድ የሰባ ዓሣ ይጠቅሳል። ዛሬ በይበልጥ የሚጠመደው ቆሮሶ፣ ማለት ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ፣ ያኔ በሐይቁ ውስጥ አልነበረም። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ የገባው በ1978 በሰው እጅ ነው፤ ይኸውም ከታላቁ የ1973–74 የወሎ ረኃብ ጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ በሐይቅ ከተማ ዛሬ ሽበት ያላቸው ሰዎች ዓሣው ሐይቁ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተወለዱ ናቸው።

ቆሮሶ በመረብ ይያዛል፤ አምባዛም አብሮ ይገኛል። የደሴ መንገድ ተጓዥ በሐይቅ ከተማ ወርዶ ዓሣ ጥብስ በልቶ ያልፋል፤ የቀረውም ወደ ደሴና ወደ ሌላው ገበያ ይሄዳል። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ሲሆን ከክርስቲያን ወገኑ ጋር አብሮ የሚኖር ነው። የዓሣ ገበያ ከዓመቱ ወራት በተለይ በዐቢይ ጾም ይደምቃል፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ እንደ ቀጠለ ሆኖ ማለት ነው።

ስለ ቆሮሶ አረባብ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ ከወለሉ ላይ ጎድጓዳ ሥፍራ ይቈፍራል፤ ሴቷም በዚያ እንቍላል ትጥላለች። ከዚያም እንቍላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። በዚህ ወራት ሴቷ የተጠመደች እንደ ሆነ ከአንዷ ጋር የሚጠፋው ልጆቿ ሁሉ ናቸው። ዳርቻው ታርሶ ሣሩና ደንገሉ ከተነቀለ ደግሞ የምትራባበት ቦታ አይኖርም። የመረቡ ዓይን ሲጠብብም ያልወለደው ትንሽ ዓሣ ይያዛል። ስለዚህ የዓሣ ሀብት የሚጠበቀው በመካከለኛው ጥልቅ ውኃ ሳይሆን በዳርቻው ነው ማለት ነው።

የቆሮሶ መግባት ሌላ ነገርም አስከትሏል። ከ1978 በፊት የሐይቁ ውኃ በጥራቱ የታወቀ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ውኃው ይበልጥ አረንጓዴ መሆኑንና አልጌ የሚባለው ደቃቅ ተክል መብዛቱን አሳይተዋል። ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ የሚከተለው ነው። በውኃ ውስጥ አልጌን የሚበሉ ደቃቃን እንስሳት አሉ፤ የዓሣ ጫጩቶች ደግሞ እነዚህን እንስሳት ይበላሉ። በላተኞቹ ሲያንሱ አልጌው ይበዛል። ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹ የናይል ፐርች የተባለ ትልቅ ዓሣ ከገባ በኋላ በመቶ የሚቈጠሩ የትንንሽ ዓሣ ዓይነቶች ጠፍተዋል። የሐይቅ ነገር ከዚያ ጋር የሚተካከል ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ዓሣ ወደ ውኃ ሲጨመር የሚለወጠው የዓሣው ቍጥር ብቻ አይደለም።

ይህን ስል ቆሮሶ ባልገባ ኖሮ ማለቴ አይደለም። ዓሣው ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። የገባውን ማውጣት ስለማይቻል የቀረን ነገር ጠባዩን አውቆ መያዝ ነው።

ጭቃው የሚናገረው

ወደ ሐይቁ የገባ ሁሉ በዚያው ይቀራል ብለናል። ይህ ነገር ጉዳት ብቻ ሳይሆን ጥቅምም አለው፤ የሐይቁ ወለል እንደ መዝገብ ሆኖ የአገሩን ታሪክ ይጠብቃል። በየዓመቱ የሚወርደው ጭቃ በአለፈው ዓመት ጭቃ ላይ ይነጠፋል፤ በውስጡም በነፋስ የመጣ የዛፍና የሣር የአበባ ብናኝ ይቀበራል። ምሁራን ረጅም ቱቦ ወደ ወለሉ ሰድደው ጭቃውን ያወጣሉ፤ የየድርቡን ዕድሜና በውስጡ ያለውን ብናኝ መርምረው በየዘመኑ በኰረብታው ላይ ምን ይበቅል እንደ ነበር ያውቃሉ።

ዳርቢሻየር፣ ላምና ኢትዮጵያዊው ምሁር መሐመድ ኡመር ከሐይቅና ከአርዲቦ የወጣውን ጭቃ መርምረው በ2003 ያሳተሙት ጥናት የ3,000 ዓመት ታሪክ ይነግረናል። በመጀመሪያ ኰረብታው የዝግባና የጥድ ደን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ይህ ደን ተመነጠረ፤ በምትኩም ክትክታና ሣር በዙ፤ ይህም ሁኔታ 1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ፣ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ፣ ጥድና ወይራ ያለበት ደን እንደ ገና ተመለሰ። ካለፉት 300 ዓመታት ወዲህ ደግሞ ደኑ እንደ ገና ተመነጠረ፤ የአፈሩም መታጠብ በረታ።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ «የወሎ ተራራ በአባቶቻችን ዘመን ሁሉ ደን ነበረ፤ የራቈተው በእኛ ዘመን ነው» የሚለው የተለመደ አባባል ትክክል አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዐ ሐይቅ ሲደርሱ የተመለከቱት ኰረብታ ክትክታና ሣር የበዛበት ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛውም ከዚህ ይበልጣል፤ የተመነጠረ ደን አንድ ጊዜ ተመልሶ ያውቃል። የዛሬው መራቈት የማይሻር ፍርድ አይደለም ማለት ነው። በገዳሙ ልሳነ ምድር ላይ ያለው ዛፍ፣ በላስታም በየአጥቢያው ቅጥር የሚታየው ጥድና ወይራ፣ ዘር የሚገኝበትን ቦታ ያሳዩናል።

አደጋው

በጥልቅ ሐይቅ ታችኛው ውኃ ውስጥ አየር፣ ማለት ኦክሲጅን፣ እየጠፋ ይሄዳል። ከላይ የሞተው አልጌ ወርዶ ሲበሰብስ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋልና። አፈርና ማዳበሪያ በብዛት ሲገቡ አልጌው ይጨምራል፤ አልጌው ሲጨምር መበስበሱ ይበዛል። ብርድና ብርቱ ነፋስ መጥቶ የእንስራውን ታችኛ ውኃ ወደ ላይ ያወጣው እንደ ሆነ ዓሣው ታፍኖ በአንድ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቀን ባለ መረቡ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ሀብቱን ያጣል፤ የጥፋቱ መነሻ ከኰረብታው ላይ ነውና።

ሐይቅ ይጠፋል ብሎ መናገር ማስፈራራት የሚመስለው ሰው ቢኖር የሐረሩን የሐሮማያ ሐይቅ ያስታውስ። ያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ ነበር፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ግን ደርቆ ታይቷል። ውኃው ለእርሻና ለከተማ ሲቀዳ፣ አፈር ከዙሪያው ሲሞላበት፣ እንደዚህ ሆነ። የኋላ ኋላ ውኃ ቢመለስበትም በመካከሉ ያለፈው ችግር ለሁላችንም ማስጠንቀቂያ ነው። ሐይቅ ከሐሮማያ እጅግ የጠለቀ ስለሆነ በቶሎ አይደርቅም፤ ነገር ግን ዓሣ ለማጣት መድረቅ አያስፈልግም፤ የዳርቻው መበላሸት ብቻ ይበቃል።

እንግዲህ መደረግ የሚገባው ምንድን ነው? የመረቡን ዓይን መወሰንና በመራቢያው ወራት ዳርቻውን ማሳረፍ የአጥማጆቹ ድርሻ ነው። ከውኃው ዳር ጥቂት ሜትር ሳይታረስ እንዲቀር ማድረግ የገበሬው ድርሻ ነው። ነገር ግን ገበሬውን «አትረስ» ከማለት በፊት ምን ይብላ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ መሬቱ ጠባብ፣ የበልጉ ዝናብ የማይታመን ነው። ስለዚህ ወጪው ለከተማይቱም፣ ከዓሣው ለሚበላው መንገደኛም፣ ለመንግሥትም የሚከፋፈል እንጂ ኰረብታው ላይ ላለው ሰው ብቻ የሚጣል መሆን የለበትም። የእርከን ሥራና ተራራን ከልሎ ማቆየት በወሎ የታወቀ ነገር ስለሆነ አዲስ ጥበብ መፈለግ አያሻም። የሚያሻው ባለ መረቡና ባለ ማረሻው ስለ አንድ ውኃ በአንድ ጉባኤ መነጋገራቸው ነው።

በዕረፍት ጊዜ የሚጠና

ለክረምት ዕረፍት በወሎ በኩል የሚያልፍ ተማሪ ግማሽ ቀን ሐይቅ ወርዶ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ቢያጣራ ከብዙ ንባብ ይበልጥ ይማራል።

1ኛ፤ ከትልቅ ዝናብ በኋላ ወደ ሐይቁ የሚገባው ጅረት ቀለሙ ምን ይመስላል? ቀለሙስ ከየትኛው ኰረብታ የመጣ ነው?

2ኛ፤ እርሻው ከውኃው ዳር ስንት እርምጃ ርቆ ያበቃል?

3ኛ፤ በገበያ የሚሸጠው ቆሮሶ ስንት ስንዝር ይሆናል? ሽማግሌ አጥማጆችስ ቀድሞ ስንት ነበር ይላሉ?

4ኛ፤ ወደ ገዳሙ የሚወስደው መሬት በክረምትና በበጋ ምን ያህል ይሰፋል፣ ምን ያህልስ ይጠብባል?

የላስታ ተማሪ ደግሞ አምስተኛ ጥያቄ ይጨምር፤ ከመንደሩ በላይ የወረደው ዝናብ አፈሩን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ይከታተል። ሐይቅ የሄደውን አፈር ቢያንስ ጭቃው መዝግቦ አኑሮታል፤ በተከዜ የሄደውን ግን የመዘገበው የለም።